ትኩሳቱ ለቀቀው፤ ታዲያ ደንጊው አለፈ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልዎት ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ባለቤቴ ተመርምሮ ደንጊ ነው ተባለ። አራት ቀን ሙሉ ትኩሳት ሲያነደው ከረመና ዛሬ ለቀቀው። «ድኛለሁ፣ ሥራ ልግባ» ይላል። ወገቡን ግን ስለሚቆረጥመው ዲክሎፌናክ ልወጋ ብሏል። ጎረቤቶቻችን ደግሞ ግሉኮስ ይሰጠው ይላሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። ዛሬ ሥራ አይግባ፤ መርፌውንም አይወጋ።

ደንጊ በትንኝ የሚተላለፍ የቫይረስ በሽታ ነው፤ ሰውን የሚያዘናጋውም እዚህ ላይ ነው። አስጊው ጊዜ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ትኩሳቱ ሲወርድ፣ ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። አብዛኛው ሰው በደህና ያልፈዋል። አንዳንዱ ላይ ግን ከደም ሥር ፈሳሽ ይወጣና ሆድ ውስጥና ሳንባ ዙሪያ ይጠራቀማል። የደም ግፊት ይወርዳል፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕሌትሌትም ይቀንሳል። ይህ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቆያል። ስለዚህ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ወስደሽ የደም ቆጠራ ይሠራለት፤ ነገም ይደገም። ወባም አብሮ ይታይለት።

ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፒሪን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አይሆኑም፤ መድማትን ያባብሳሉ። ቁርጥማት ሲባል እጃችን ቶሎ ወደነሱ መሄዱ በጣም ያሳስበኛል። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃዋል። ለአዋቂ በየ6 ሰዓቱ ከ500 እስከ 1000 ሚሊግራም ሲሆን፣ በቀን ከ4 ግራም አይለፍ። ደንጊ ጉበትንም ይነካልና ከዚያ በላይ አደጋ አለው። አንቲባዮቲክ ቫይረስ ላይ ምንም አይሠራም።

የግሉኮሱ ነገር ቀኑን ይጠይቃል። መጠጣት እስከቻለ ድረስ ኦአርኤስ፣ ሾርባና ጭማቂ ቶሎ ቶሎ ይውሰድ። በአስጊው ሰዓት ፈሳሽ በደም ሥር ካስፈለገው፣ ሆስፒታል ውስጥ በልክ እየታየ ነው የሚሰጠው። አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ደግሞ የወጣው ፈሳሽ ራሱ ወደ ደም ሥር ይመለሳል። ያን ጊዜ «አቅም ይሁነው» ተብሎ የሚሰጥ ግሉኮስ ሳንባው ውስጥ ውሃ ሊሞላበት ይችላል። ትናንት ሕይወት የሚያተርፈው ነገር ዛሬ ትንፋሽ ያሳጥረዋል።

ሌሊትም ቢሆን ቀስቅሰሽ እዪው። ሆዱን አጥብቆ ካመመው፣ ማስመለሱ ካላቆመ፣ ድዱ ወይም አፍንጫው ከደማ፣ ሰገራው ከጠቆረ፣ እጅና እግሩ ከቀዘቀዘ፣ ከፈዘዘ ወይም ከተቁነጠነጠ፣ 6 ሰዓት ሙሉ ሽንት ካልመጣው፣ ሳይነጋ ሆስፒታል ውሰጂው። ሲያገግም የሚወጣው የሚያሳክክ ሽፍታ ግን አያስደንግጥሽ።

«አንዴ የያዘው አይደግመውም» የሚልሽን አትመኚ። ቫይረሱ 4 ዓይነት ነው፤ በሌላው ዓይነት ለሁለተኛ ጊዜ ሲያዝ ደግሞ ሊከብድ ይችላል። በአገራችን በወረርሽኝ መልክ መጀመሪያ የታወቀው በ2006 ዓ.ም. እዚያው ድሬዳዋ ነው። ትንኟ የምትነክሰው ቀን ቀን ነው፤ የምትራባውም ውሃ ሲጠፋ ብለን በምናጠራቅምበት በርሜልና ሮቶ ውስጥ ነው። ክዳናቸው በደንብ ይገጠም፤ ውስጣቸውም በየሳምንቱ ተፈግፍጎ ይታጠብ።