ማታ ማታ ስለ ጌም ማውራት ሥራ ይሆናል ወይ?

ከኮዬ ፈጬ የጻፈችልን እህታችን ደብዳቤ ረዘም ስለሚል አሳጥሬ ላቅርበው። በማርኬቲንግ ማኔጅመንት ተመርቃ ዓመት አልፏታል። ቀን ቀን የሥራ ማስታወቂያ ስታሳድድ ትውላለች። ማታ ደግሞ አድሚን የሆነችበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ስለ ቪዲዮ ጌም ሲወራ ይታደራል። «ልጆቹ ስለ ግራፊክስ ሲጨቃጨቁ እኔ ትሬይለሩን (የጌሙን ማስታወቂያ ቪዲዮ) ለምን አሁን እንደለቀቁት ነው የማስበው» ትላለች። ታላቅ ወንድሟ ኮንዶሚኒየሙ ሥር ፕሌይስቴሽን ቤት አለው። እናቷ ግን «የባንክ ፈተና ተፈተኚ፣ ጌም እንጀራ አይሆንም» ብለዋታል። ጥያቄዋ እንዲህ ነው፦ የጌም ኩባንያዎች ማርኬቲንግ ውስጥ መግባት እችላለሁ ወይስ ራሴን እያታለልኩ ነው?

እህቴ፣ መጀመሪያ እናትሽ ያሉሽን አድርጊ። ፈተናውን ተፈተኚ። ይህን የምልሽ ተስፋ ላስቆርጥሽ ብዬ አይደለም። ኢንዱስትሪው ራሱ ደህና ጊዜ ላይ ስላልሆነ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በጃንዋሪ 2024 ማይክሮሶፍት ከጌም ክፍሉ 1,900 ሠራተኛ እንደሚቀንስ አስታወቀ። በቀጣዩ ወር የሶኒ ፕሌይስቴሽን ክፍል ወደ 900 የሚጠጋ ሰው እንደሚያሰናብት ተናገረ። ከቤት ሆኖ የሚሠራ ቦታ ሲወጣ ካንቺ ጋር የሚሰለፈው እንደነዚህ ያሉ ኩባንያዎች ውስጥ ዓመታት የሠራ ሰው ነው። ስለዚህ ደመወዝ እያገኘሽ ጎን ለጎን የምትሞክሪው ነገር ነው። እሱን ብቻ እየጠበቅሽ ቤት መቀመጥ አይሆንም።

ሥራው ግን አለ። ኮሚዩኒቲ ማኔጀር ይሉታል። ተጫዋቾች የሚያወሩበት ቦታ ሁሉ ይገባል፤ ዲስኮርድ ይሁን ሬዲት፣ እኛ አገር ከሆነ ቴሌግራም። ያነባል፣ ይመልሳል፣ ሲሳደቡም ይችላል። ከዚያ ያነበበውን አጣርቶ ጌሙን ለሚሠሩትና ለማርኬቲንግ ክፍሉ ይጽፋል። ብዙ ሰው የማያየው ይህንኛውን ነው። ፖስት ማድረግ ማንም ያደርጋል። ከሺህ መልእክት ውስጥ ሁለት ሦስቱን ቁም ነገር ነቅሶ የሚያወጣ ሰው ግን ብዙ የለም።

ወሬው ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማየት «አመንግ አስ» የተባለውን፣ ተጫዋቾች መካከላቸው የተደበቀውን አጥፊ የሚለዩበትን ጌም አስታውሺ። በ2018 ሲወጣ ዞር ብሎ ያየው ሰው ጥቂት ነበር። በ2020 ስትሪመሮች (ሲጫወቱ በቀጥታ ለተመልካች የሚያሳዩ ሰዎች) ማታ ማታ ተሰብስበው ሲጫወቱት ዓለም ሁሉ «አንተ ነህ! አንቺ ነሽ!» እየተባባለ አበደ። ሠሪዎቹ ሁለተኛ ክፍል እንሠራለን ብለው አስታውቀው ነበር። ወዲያው ሰርዘውት የመጀመሪያውን ወደ ማሻሻል ተመለሱ። ሰው የሚያወራው ስለ እሱ ነዋ!

ሌላው «ሆሎው ናይት፦ ሲልክሶንግ» የሚባለው ጌም ነው። በ2019 መጀመሪያ ተዋወቀ፣ የወጣው ሴፕቴምበር 4 ቀን 2025 ነው። በመካከሉ የአውስትራሊያዎቹ ሠሪዎች እምብዛም ትንፍሽ አላሉም። ወሬውን ሕያው ያደረጉት ደጋፊዎቹ ናቸው፤ ቀልዱን፣ ምሬቱን፣ «ዛሬም አልወጣም» የሚለውን ሁሉ። ሲወጣ ገዢው በአንዴ ስለጎረፈ የኦንላይን መሸጫዎቹ ተጨናነቁ። ይህን አይተሽ ግን «ዝም ማለት ጥሩ ማርኬቲንግ ነው» ብለሽ ኢንተርቪው ላይ እንዳትናገሪ። እነሱ ዝም ማለት የቻሉት ከዚያ በፊት የሠሩት ጌም ስለተወደደ ነው። ስምሽን ማንም ሳያውቀው ዝም ብትይ ዝም ብለሽ ትቀሪያለሽ።

በተቃራኒው «ሳይበርፐንክ 2077» የሚባለውን ጌም ታሪክ በደንብ አጥኚው። ለዓመታት ተስፋ ተሰጠ፣ የሆሊውዱ ተዋናይ ኪያኑ ሪቭስ ሳይቀር መድረክ ላይ ወጣ። ከመውጣቱ በፊት ለገምጋሚዎች የተሰጠው የኮምፒውተር ቅጂው ብቻ ነበር። ዲሴምበር 10 ቀን 2020 ሲለቀቅ በአሮጌዎቹ ኮንሶሎች (እንደ ፕሌይስቴሽን ባሉ የጌም ማጫወቻዎች) ላይ አልሠራ አለ፣ በየመሀሉ ይዘጋል፣ ምስሉ ይቆራረጣል። ሳምንት ገደማ እንዳለፈ ሶኒ ከመደብሩ አወረደውና ገንዘብ መመለስ ጀመረ። ጌሙ ወደ መደብሩ የተመለሰው በጁን 2021 ነው። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው የማርኬቲንግ ተማሪ ሁሉ «ሃይፕ» (የጉጉት ወሬ) መፍጠርን እንደ ችሎታ ስለሚቆጥር ነው። ሃይፕ ብድር ነው፤ ቀኑ ሲደርስ ይከፈላል። ኮሚዩኒቲውን የሚያነብ ሰው ውስጥ ቢኖርና ቢሰሙት ኖሮ «ሰዎቹ ስለ አሮጌው ኮንሶል ደጋግመው እየጠየቁ ነው፣ ምን ልበላቸው?» የሚል ጥያቄ ቀድሞ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ ነበር።

አሁን ወደ አንቺ። የራስሽን ግሩፕ አንድ ሳምንት እንደ መሥሪያ ቤት አንብቢው። የስልኩ የእግር ኳስ ጌም ኢፉትቦል ሞባይል አፕዴት በሚወጣበት ማታ ግሩፑ ምን እንደሚመስል ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። «ጌሙን ገደሉት!» ይላል አንዱ። «አጥፍቼዋለሁ፣ በቃኝ!» ይላል ሌላው፣ በማግስቱ ግን እዚያው ታገኚዋለሽ። አንቺ በውስጥ መስመር ጠይቂያቸው። አንደኛው ፓኬጁ ማውረጃው ላይ አልቆበት ይሆናል። ሁለተኛው ስልኩ ሞልቶበታል። ሦስተኛው በእውነት ግብ ጠባቂው ደንዝዞበታል። ሦስቱም የጻፉት ያንኑ «ገደሉት» ነው። ለኩባንያው ግን ሦስት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። የመጀመሪያው የአፕዴቱን መጠን ቀድሞ በመናገር ይቃለላል፤ ልጁ የሌሊት ፓኬጅ ይጠብቃላ! ሁለተኛው የቴክኒክ ነው። ሦስተኛው ወደ ጌሙ ሠሪዎች ይሄዳል። «ተጫዋቾች አልተደሰቱም» ብሎ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ለማንም አይጠቅምም።

ይህን በአንድ ገጽ ጻፊው። በእንግሊዝኛ ይሁን፣ ቀላል እንግሊዝኛ። ምን ተባለ፣ ስንት ሰው አለው፣ ምክንያቱ ምንድን ነው፣ ምን ቢደረግ ይሻላል። የልጆቹን ስም አታውጪ፣ ስክሪንሾትም አትለጥፊ፤ አምነውሽ ነው ያወሩት። ይህች አንድ ገጽ «ጌም በጣም እወዳለሁ» ከሚል ሙሉ ሲቪ ትበልጣለች። ጌም መውደዱን ማንም ይወዳል።

ሁለተኛውን ገጽ ወንድምሽ ቤት ቁጭ ብለሽ ጻፊ። እዚያ ያለው መረጃ እጅሽ ላይ ስለሆነ ዋጋው አልታየሽም። ወንድምሽ አንድ ጌም ገዝቶ ሰፈሩን ሁሉ ያጫውታል፤ ለኩባንያው ግን የሚታየው አንድ ደንበኛ ብቻ ነው። እነዚያ ተሰልፈው የሚከፍሉት ልጆች በማንም ቁጥር ውስጥ የሉም። የእግር ኳስ ጌም ሠሪው ኢኤ ስፖርትስ ሠላሳ ዓመት ገደማ የያዘውን የፊፋ ስም ለቆ ከ2023 ጀምሮ «ኤፍሲ» እያለ ነው የሚሸጠው። ወንድምሽ ቤት ምን እያሉ እንደሚጠይቁ ስሚ። አዲሱ ሲወጣ «አስገባልን» ብለው ይጨቀጭቁታል ወይስ የአምናው ይበቃቸዋል? ወንድምሽ ገንዘቡን ለማውጣት የሚቆርጠው ምን ሲያይ ነው? ለንደን ወይም ኬፕታውን የተቀመጠ የማርኬቲንግ ሰው ይህን ከየት ያገኘዋል?

አንድ ማስጠንቀቂያ። ግሩፕሽ ሲያድግ የቤቲንግ ማስታወቂያ ልክፈልሽ የሚል ይመጣል፤ መጥቶም ይሆናል። ግማሹ አባል ተማሪ ነው፣ አይሆንም በያቸው። የጌም ማስታወቂያ ቢሆን እንኳ ከተከፈለሽ «ተከፍሎኛል» ብለሽ ጻፊ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2016 ዋርነር ብራዘርስን የያዘው በዚህ ጉዳይ ነበር። ዩቲዩበሮች ተከፍሏቸው አንድ ጌም ሲያሞግሱ ክፍያው ለተመልካቹ በአግባቡ አልተገለጸም ተባለ። ጉዳዩ በስምምነት ቢያልቅም ስሙ እስከ ዛሬ ይነሳል። ደጋፊ መስሎ መሸጥ ከተነቃበት በኋላ ግሩፑም አይመለስም።

የት ልላከው ትይኛለሽ። ከቅርብ ጀምሪ። «ኩኩሉ» የተባለውን ጌም የሠራው ቅኔ ጌምስ እዚሁ አዲስ አበባ ነው። በ2022 ደግሞ እሱን ጨምሮ 10 የአፍሪካ ስቱዲዮዎች የፓን አፍሪካ ጌሚንግ ግሩፕን መሥርተዋል። ኬፕታውን ያለው ካሪፈርስት የሌሎችን ጌሞች ለአፍሪካ ገበያ የሚያቀርብ ነው። ማስታወቂያ እስኪያወጡ አትጠብቂ። ገጾቹን አያይዘሽ በአምስት መስመር ኢሜይል ላኪ። መልስ ሳይመጣ ቢቀር አትቀየሚ፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ አዲስ ገጽ ይዘሽ ተመለሺ።

ባንኩም ቢሆን ከዚህ የራቀ አይደለም። ዛሬ ባንኩ ሁሉ አፕ አለው፣ ቴሌግራም ቻናል አለው። ኮመንቱን ከፍተሽ እይ፤ «ብሬ ተቆርጦ አልደረሰም» ከሚለው ሥር ሰው ተደርድሮ መልስ የሚሰጥ የለም። ፈተናውን አልፈሽ ኢንተርቪው ስትቀርቢ የዚያኑ ባንክ ኮመንት እንደ ጌሙ አንብበሽ አንድ ገጽ ይዘሽ ግቢ። ዲጂታል ማርኬቲንግ ክፍል የመመደብ ዕድልሽ ከፍ ይላል፣ ልምዱም ለጌሙ ይቆጠርልሻል። በነገራችን ላይ ኢንተርቪው ቦሌ ከሆነ የኮዬን የታክሲ ሰልፍ አስልተሽ ውጪ። ኦንላይን ከሆነ ደግሞ መብራት ሊጠፋ እንደሚችል ቀድመሽ ንገሪያቸውና በስልክሽ ዳታ ሙይ።

ውጭ አገር ያለ ሰው ሥራ ከሰጠሽ ከመጀመርሽ በፊት ክፍያው በምን መንገድ እንደሚደርስሽ በጽሑፍ ጠይቂ። «መጀመሪያ መመዝገቢያ ክፈይ፣ ጌም ሞካሪ እናደርግሻለን» የሚል ካጋጠመሽ ብሎክ አድርጊው፣ ሌባ ነው።

ሲቪ ላይ የግሩፕ ስሜን ልጻፍ ወይ ላልሽው፣ ስሙን አይቼዋለሁ፣ አትጻፊው። «የጌም ተጫዋቾች የቴሌግራም ግሩፕ አስተዳዳሪ» በይና የአባላቱን ብዛትና ከመቼ ጀምሮ እንደያዝሽው ጨምሪ።