አልጠፋ ያለው የኦቨን መብራት

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ ኦቨኔን 180 ላይ አድርጌ ዲፎ ዳቦ ስጋግር ቀይ መብራቱ በራ ጠፋ ይል ነበር። አሁን ከበራ አይጠፋም፤ ዳቦው ከሥሩ ያርራል፣ መሃሉ ሊጥ ነው። ቴርሞሜትር ባስገባ 260 አለኝ። እሱንም ተጠራጥሬ በሚፈላ ውሃ ብፈትነው 94 ላይ ቆመ። የተበላሸው የትኛው ነው?
አንባቢያችሁ፣ ከጅማ ሂርማታ

መልስ፦ ቴርሞሜትርዎ ደህና ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠረፍ ነው፤ ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች እናንተ ዘንድ 94 ገደማ ላይ ይፈላል። እንግዲህ 260ውን ይመኑት፤ ጥፋቱ የኦቨኑ ነው።

የኦቨኑን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ነው፤ እሱም ከመዞሪያው ጀርባ ያለችው ሳጥን ናት። ከእሷ እንደ ክር የቀጠነ ቱቦ ይወጣና ኦቨኑ ውስጥ የእስክሪብቶ ቀፎ በምታህል ሴንሰር ያልቃል። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ሲሞቅ መጠኑ ይጨምርና ኮንታክቱን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘውን ብረት፣ ገፍቶ ያላቅቃል፤ ሬዚስታንሱም (ማሞቂያው) ከመብራቱ ጋር ይጠፋል።

ስፒናውን ይንቀሉ፤ መዞሪያውን ዜሮ ማድረግ ብቻ አይበቃም። ኦቨኑ ሲበርድ ሴንሰሯን ይፈልጉ። ከማቀፊያዋ ወጥታ ከግድግዳው ኋላ ከተንሸራተተች የሚደርሳት ሙቀት ትንሽ ነውና አታጠፋም፤ መልሶ ማስገባት ብቻ ነው። ቅባት ከጋገረባትም ሙቀቱ ዘግይቶ ይደርሳታል። በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጓት፣ በሽቦ አይፈግፍጓት።

ቦታዋ ላይ ካለች ስፒናውን መልሰው ኦቨኑን ያሙቁና መዞሪያውን ወደ ዜሮ ይመልሱ። ዜሮ ላይም መብራቱ ካልጠፋ ኮንታክቱ ተጣብቋል። ዜሮ ላይ ጠፍቶ፣ ኦቨኑ እንደጋለ 50 ላይ ሲያደርጉት ተመልሶ ከበራ ፈሳሹ ፈስሷል። ሁለቱም አይጠገኑም። ኮንታክቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ልመልስልዎ የሚል ሠራተኛ ካጋጠመዎ እሺ አይበሉ፤ ላዩ ስለሚሻክር ብዙ ሳይቆይ ይጣበቃል።

ማረጋገጥ ከፈለጉ፣ ስፒናው ተነቅሎ፣ ሽቦዎቹን በስልክ ፎቶ አንስተው ቴርሞስታቱን ያውጡ። 60 ላይ ያድርጉትና ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ኦም ላይ አድርገው በሁለቱ እግሮቹ ላይ ያሳርፉ፤ ቀዝቃዛ ሳለ ዜሮ ኦም አካባቢ ያሳያል። ሴንሰሯን ብቻ አሁን ከፈላ ውሃ ውስጥ ሲነክሩ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቀጭ ብሎ መቋረጥ አለበት። ካልተቋረጠ ይጣል።

አዲስ ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ። ብዙ ሰው መዞሪያው ስለገጠመ ብቻ ይገዛል፤ የላይኛው ዲግሪ፣ አምፔሩ (16 ይበቃል)፣ የእግሮቹ ብዛት፣ የቱቦው ርዝመትና የሴንሰሯ ውፍረት ግን መመሳሰል አለባቸው። ቱቦውን ሲገጥሙ በሰፊው ያዙሩት፤ እንደ ወረቀት ከታጠፈ ይሰነጠቅና አዲሱ ዕቃ በዚያው ቀን ይሞታል። የጠቆረ የሽቦ ጫፍ ካዩ ቆርጠው በአዲስ ማያያዣ ይቀይሩ፤ ቢጫና አረንጓዴውን የኤርዝ ሽቦም ቦታው ይመልሱ።

ጥያቄ፦ የእኔ ኦቨን ጠዋት በ15 ደቂቃ ይሞቃል፣ ማታ 25 ይፈጅበታል። ቴርሞስታት ይሆን?

መልስ፦ መብራቱ በመጨረሻ የሚጠፋ ከሆነ አይደለም፤ ማታ ኃይሉ እየወረደ ነው። 220 ቮልቱ 180 ሲሆን 2,000 ዋት የነበረው ሬዚስታንስ 1,340 ገደማ ብቻ ይሰጣል። ማታ ኦቨኑን ቀደም ብለው ይለኩሱ፤ ዳቦውን መብራቱ አንድ ጊዜ ሳይጠፋ አያስገቡ። በማራዘሚያ ከሰኩት ደግሞ ከ20 ደቂቃ በኋላ ስፒናው ያለበትን ሶኬት በእጅዎ ጀርባ ይንኩት፤ ከጋለ ማራዘሚያውን ትተው በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ይሰኩ።