ሶኬቱን ከመሰካታችሁ በፊት፦ የድሮ ስቴሪዮ ሪሲቨር እድሳት ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። በውስጥ መስመር የምትልኩልኝ ጥያቄ ስለበዛ ዛሬ ማታ እዚሁ በግልጽ ልመልስ ቁጭ ብያለሁ። ሪሲቨር ስል የዲሹን አይደለም፤ ሬዲዮና ድምፅ ማጉያ በአንድ ሣጥን የያዘውን ነው። በብዛት የጠገንኩት ማራንዝ ነው፤ ሞዴል 2230፣ 2245፣ 2270። ፓዮኒርና ሳንሱይም በእጄ አልፈዋል። ዋጋ አትጠይቁኝ።

ሁላችሁንም የሚመለከት አንድ ነገር ልበል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ሪሲቨር 120 ቮልት ነው። የኛ ግድግዳ 220 ነው። ጀርባው ላይ የተጻፈውን ሳታነቡ አትሰኩ።

ከአዳማ፦ ጋሼ፣ አጎቴ ከዲሲ ማራንዝ 2270 አመጣልኝ። ለዓመታት ሳይበራ ምድር ቤት ተቀምጦ ነበር ብሎኛል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ቶሎ ባለመሰካትህ ተባረክ። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ እንዲህ ያለውን ማራንዝ በላስቲክ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ቀጥታ 220 ላይ ሰክቶታል። ክዳኑን ሳልከፍት በጠረኑ ነው ያወቅኩት፤ የተቃጠለ ቫርኒሽ ይሸታል። የትራንስፎርመሩ ጠመዝማዛ ጠቁሮ፣ የሸፈነው ወረቀት እንደ አረረ ቂጣ ሆኗል። የቀረው ዕቃ በሙሉ ደህና ነበር። ፊት ገጹ ላይ አንድ ጭረት የለም። ግን የዚያን ትራንስፎርመር ምትክ ከየት ታመጣለህ?

አሁን ያንተን እንይ። ጀርባው ላይ ቮልቱንና ኸርዙን አንብብ። በአሜሪካ ጦር ሱቆች የተሸጡት ብዙ ጊዜ ቮልቴጅ መምረጫ ስላላቸው 220 ላይ ማዞር ይቻላል። መምረጫ ከሌለው ኮንቨርተር፣ ማለትም ቮልት መቀነሻ ትራንስፎርመር፣ ግዛ፤ ጀርባው ላይ ከተጻፈው ዋት ቢያንስ እጥፍ የሚችል ይሁን። «60 ኸርዝ» ብቻ ከተባለ በኛ 50 ኸርዝ ትራንስፎርመሩ የበለጠ ስለሚሞቅ፣ ከ120 ይልቅ 110 የሚያወጣ ኮንቨርተር ይሻለዋል። ኮንቨርተሩ የገባለትን ነው የሚያካፍለው፤ የሰፈራችሁ መብራት ማታ ማታ ከፍ ካለ መውጫውም አብሮ ከፍ ይላል። በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ለካው።

ቀጥሎ የአምፖል መሞከሪያ ሥራ። ከኮንቨርተሩ በኋላ፣ ወደ ሪሲቨሩ በሚሄደው አንዱ ሽቦ መሀል፣ ባለ 220 ቮልት 100 ዋት አምፖል በተከታታይ አስገባ። ባለ ሽቦው የድሮ አምፖል ማለቴ ነው፤ ኤልኢዲ አይሆንም። በ120 ቮልት ላይ ከ40 ዋት ገደማ በላይ ስለማያሳልፍ ውስጥ ሾርት ቢኖር እንኳ ሪሲቨሩ አይቃጠልም። ስፒከር ሳታገናኝ አብራው። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ጥሩ ነው። ደምቆ ከቀረ ወዲያው ንቀል።

ከዱባይ፦ ፓዮኒር ኤስኤክስ-1250 በስንት ልሽጠው?

መልስ፦ ዋጋ አልመልስም ብያለሁ።

ከሐዋሳ፦ ጋሼ፣ ቮልዩሙን ስነካው ይንኮሻኮሻል፤ ግራው ደግሞ አንዳንዴ ይጠፋል። ወንድሜ ደብሊውዲ-40 ንፊበት አለኝ።

መልስ፦ አትንፊበት እህቴ! ደብሊውዲ-40 ለማጠፊያና ለዛገ ብሎን ነው። ቮልዩም ውስጥ ያለውን ቅባት አጥቦ ያወጣና የራሱን ዘይት ይተዋል፤ አቧራ ደግሞ እዚያ ላይ ይጣበቃል። ዲኦክሲት የሚባለውን የኤሌክትሪክ ንክኪ ማጽጃ ከውጭ አስመጪ። ነቅለሽ፣ ክዳኑን ከፍተሽ፣ በቮልዩሙ ቀዳዳ በጣም ትንሽ ንፊ፤ ከዚያ ሠላሳ አርባ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አዙሪው። የመምረጫና የቴፕ ሞኒተር ቁልፎችንም እንደዚያው። ጣቢያ መፈለጊያው ጋ ያለውን፣ ቅጠል ቅጠል የሚመስለውን የአሉሚኒየም ካፓሲተር (የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ ዕቃ) ግን አትንኪው፤ በንፊትም በብሩሽም።

ጀርባው ላይ «ፕሪ አውት» እና «ሜይን ኢን» የሚል ካለ፣ ሁለቱን የሚያገናኙትን ትንንሽ የብረት ድልድዮች አውጥተሽ አጽጂ። ግራ ወይ ቀኝ ጠፋብኝ ብሎ ከመጣው ሰው ብዙው ችግሩ እዚያ ነው።

ከጅማ፦ የኔም አንድ ጎኑ አይሠራም። ምን ልቀይር?

መልስ፦ ሞዴሉ ምንድን ነው? የትኛው ጎን? በሄድፎንም ይጠፋል? በሬዲዮም በሸክላም ነው? ይህን ሳትጽፍ እኔ ምን አውቃለሁ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጋሼ፣ እኔ 2270 ላይ ያሉትን ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች በሙሉ በአንድ ቅዳሜ ቀይሬ ጨርሻለሁ። ከኢንተርኔት ሙሉ ኪት ተሸጦ ይመጣል። ለምን ሰው ታደክማላችሁ?

ከጎተራ፦ ወንድሜ አንተ ዕድል ቀንቶህ ነው። እኔም በአንድ ቀን ስቀይር አንዷን ገልብጬ በየድኳት። ፈንድታ ቦርዱን አጨመላለቀችው፤ ስልሳ ዕቃ ስለቀየርኩ የትኛው ጋ እንደተሳሳትኩ ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ መገልበጥ የአንተ ስህተት ነው፤ የዘዴው አይደለም።

መልስ፦ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ሰው ዕቃ የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነውና።

ሁሉንም በአንዴ አትቀይሩ። አንድ ቦርድ ያዙ። ከመንካታችሁ በፊት በስልክ ከሦስት አቅጣጫ ፎቶ አንሱ። ቀይሩ፣ በአምፖሉ መሞከሪያ አብሩ፣ ለኩ፣ አንድ ማታ ሙዚቃ አጫውቱ። ከዚያ ወደሚቀጥለው። የሲልቨር ስፕሪንጉ ወንድሜ ተሳክቶልህ ይሆናል፤ ይህን የሚያነቡት ግን የብየዳ ካውያ የያዙት ገና ትናንት ነው።

የመጀመሪያው ቦርድ ምንጊዜም የኃይል አቅርቦቱ ነው። ሌላው ሁሉ ከእሱ ነው የሚጠጣው። እዚያ ቮልቱ ከተዛባ ሬዲዮው ይንሸራተታል፣ ከሙዚቃው ጀርባ ጉርምርምታ ይሰማል፣ እናንተም ጤነኛ ቦርድ ስትፈቱ ትከርማላችሁ። የሚያረጁት ኤሌክትሮሊቲኮቹ ናቸው፤ ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ይደርቃል። ሴራሚኮቹን ተዉአቸው። ሬዲዮው ክፍል ያሉትንማ በፍጹም፤ የጣቢያው ማስተካከያ ከእነሱ ጋር የተገጠመ ነው። አዲሱ ካፓሲተር ማይክሮፋራዱ (የመያዝ አቅሙ) እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ ይሁን።

በካፓሲተሮች ሥር የፈሰሰ ሙጫ ፈልጉ። ሲሠራ ክሬም ዓይነት ነበር፤ ሙቀት ሲቆይበት ቡናማ ይሆናል፣ ያኔ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ የዕቃዎችንም እግር ይበላል። በሳንሱይና በፓዮኒር ላይ ብዙ አይቼዋለሁ። በእንጨት ስንጥር ቀስ ብላችሁ ፈቅፍቁት።

ትራንዚስተሮቹንም በማጉያ መነጽር እዩ። 2ኤስኤ726 የሚባለው ትንሽ ትራንዚስተር እግሩ በጊዜ ይጠቁራል፤ እንደ ዘይት ላይ የተጣለ ሽንኩርት ቸስ ቸስ የሚል ድምፅ ሲሰማችሁ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ። እኔ በኬኤስኤ992 እተካዋለሁ። የእግሮቹን ቅደም ተከተል ግን ሁልጊዜ ከመረጃ ወረቀቱ አረጋግጡ።

እነዚያ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ደግሞ ከተነቀለም በኋላ ኃይል ይዘው ይቆያሉ። ለኩ፣ ዜሮ አጠገብ እስኪደርስ ጠብቁ፣ ከዚያ እጃችሁን አስገቡ።

ከቦሌ፦ ዳያሉን ሰማያዊ ኤልኢዲ ላደርገው ነው። በጣም ያምራል ይላሉ።

መልስ፦ ልጄ፣ ይህን ባታደርገው ደስ ይለኛል። የማራንዝ ፊት ማታ ክፍሉ ጨልሞ ሲበራ የሚሰጠው ብርሃን የረጋ ሰማያዊ ነው፤ ዓይን አይወጋም። ንጹሕ ሰማያዊ ኤልኢዲ ስትከትበት የሱቅ ማስታወቂያ ይሆናል፤ ቁጥሮቹም ይደበዝዛሉ። የድሮዎቹ አምፖሎች ፊውዝ የሚመስሉ ባለ 8 ቮልት፣ 250 ሚሊ አምፔር ናቸው፤ አሁንም ይገኛሉ።

ብርሃኑ የደበዘዘው በአምፖሉ ብቻ አይደለም። ከአምፖሎቹና ከመስታወቱ መሀል ብርሃኑን የሚበትን ስስ ወረቀት አለ። የአምፖሎቹ ሙቀት ያንን ወረቀት አምፖሎቹ ባሉበት ቦታ ላይ ቡናማ አድርጎ ያቃጥለዋል። አሮጌውን ሳትቀድ አውጣ፣ በላዩ ላይ በእርሳስ ንደፍ፣ የአርክቴክት መንደፊያ ወረቀት በልኩ ቆርጠህ አስገባ። ኤልኢዲ ካላደረግኩ ካልክ ነጩን ምረጥ፤ መስመሩ ኤሲ ስለሆነም በውስጡ ሬክቲፋየር (ኤሲን ወደ ዲሲ የሚቀይር) ያለው ይሁን፤ አለዚያ ይርገበገባል።

የመስታወቱን የውስጥ ገጽ በአልኮል አትጥረግ። ቁጥሮቹ እዚያ ላይ ነው የታተሙት፤ ከጨርቁ ጋር ይወጣሉ። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ።

ከባህር ዳር፦ ጋሼ፣ አንድ ነጋዴ ከጃፓን ያስመጣውን ሪሲቨር ገዛሁ። በጣም ንጹሕ ነው፣ ግን ኤፍኤሙ አንድም ጣቢያ አይዝም። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም። ለጃፓን አገር ውስጥ የተሠራው የድሮ ኤፍኤም ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ነው። የኛዎቹ ከዚያ በላይ ናቸው፤ ሸገር 102.1፣ ፋና 98.1። ለሸክላና ለስልክ ተጠቀምበት። ቮልቱም 100 ነው፤ ለአሜሪካው በሚሆን ኮንቨርተር አትሰካው።

ከጎተራ፦ ለሬዲዮማ የድሮው ይሻላል። አባቴ ቤት የነበረው ሳንሱይ 97.1ን ያለ አንቴና ነበር የሚይዘው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ያለ አንቴና የያዘው ማሰራጫው አጠገባችሁ ስለነበር ነው እንጂ የሳንሱይ ጉብዝና አይደለም።

ከጎተራ፦ አንተ የሰማኸው ይመስል!

መልስ፦ ስለ ሬዲዮ ጣቢያ ሌላ ቀን። ወደ ጥያቄው።

ከመቀሌ፦ ፓዮኒሬ ሲበራ «ጠቅ» አይልም፣ ድምፅም የለም። መብራቱ ግን አለ። አንድ ባለሙያ ሪሌውን ዘሎ ቀጥታ ላገናኝልህ አለኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንዳታስነካው። «ጠቅ» የሚለው መከላከያ ሪሌው፣ ማለትም ስፒከሩን በራሱ የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ ወደ ስፒከር በሚወጣው ላይ ዲሲ ካየ አያገናኝም። ስፒከርህን ከመቃጠል እየጠበቀልህ ነው። ከሪሌው በፊት ያለውን ዲሲ አስለካ፤ ከ50 ሚሊቮልት በታች ከሆነ ጥፋቱ የመከላከያ ሰርኪዩቱ ነው፤ ብዙ ቮልት ካየህ የውጤት ትራንዚስተር ሄዷል። ሪሌው ጠቅ እያለ ድምፁ ከተቆራረጠ ግን የሪሌው ንክኪ ቆሽሿል፤ አልኮል የነካው ወረቀት በመሀሉ እየሳቡ ማጽዳት ነው። የብርጭቆ ወረቀት ክልክል ነው።

ከደሴ፦ ሣጥኑን ቫርኒሽ ልቀባው?

መልስ፦ እንጨት ይሁን ቪኒል መጀመሪያ እይ። ቪኒል ከሆነ ሳሙናና ውሃ። እንጨት ከሆነ ዘይት እንጂ ቫርኒሽ አይደለም።

ከአዲስ አበባ፦ እህቴ ከአትላንታ ሪሲቨር ልካልኝ ዛሬ ደረሰ። ልሰካው?

መልስ፦ ከላይ ሁለት ጊዜ ጽፌዋለሁ። ውጣና አንብብ። ሳታነብ አትሰካ።

ከአዳማ፦ ጋሼ፣ አደረግኩት! ኮንቨርተሩ 112 ነው የሚያወጣው። አምፖሉ ብልጭ አለና ደበዘዘ። የዳያሉ መብራት በራ፤ ግራ በኩል ብቻ ጨለማ ነው። ስፒከር አላገናኘሁም።

መልስ፦ ጎበዝ! አሁን አትቸኩል። በአምፖሉ ላይ እንዳለ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፤ አጠገቡ ሁን፣ አሽትት፣ አንድ ነገር ከሞቀ ንቀል። ከዚያ ቴስተሩን ዲሲ ሚሊቮልት ላይ አድርገህ የግራውንም የቀኙንም የስፒከር ጫፍ ለካ። ሁለቱንም ቁጥር እዚህ ጻፍልኝ፤ እስክትጽፍ ቁጭ ብዬ እጠብቅሃለሁ።