ፍላሹ በጓደኛዎ ላፕቶፕ ላይ ተነሥቶ በእርስዎ ላይ እንቢ ያለበት ምክንያት

ጤና ይስጥልኝ። ከአዘዞ የጻፉልን ጠያቂያችን እንደገለጹት፣ ኡቡንቱ 20.04 የተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም (ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ዋና ሶፍትዌር) የተጫነበት ያገለገለ ላፕቶፕ አለዎት። አዲሱን እትም 24.04ን ለመጫን ጓደኛዎ በሩፈስ፣ ማለትም መጫኛ ፍላሽ በሚያዘጋጅ ፕሮግራም፣ ያዘጋጁልዎትን ፍላሽ ሰክተው ሲያበሩት ግን ላፕቶፑ ፍላሹ የሌለ ይመስል በቀጥታ ወደ ቀድሞው ኡቡንቱ ይገባል። ያው ፍላሽ በጓደኛዎ ላፕቶፕ ላይ ያለ ችግር ይነሣል፤ ሦስት ጊዜም ደግማችሁ ጽፋችሁታል። የ20.04 መደበኛ የጥገና ጊዜ በ2025 እ.ኤ.አ. ስላበቃ ለመቀየር መቸኮልዎ ትክክል ነው።

ጎንደር ፒያሳ ላፕቶፕ በመጠገን በቆየሁባቸው ዓመታት ይህን ችግር ደጋግሜ አይቼዋለሁና፣ ከሁሉ አስቀድሜ ፍላሹን በዚያው ምርጫ ለአራተኛ ጊዜ እንዳይጽፉት እለምንዎታለሁ። በሌላ ማሽን ላይ የተነሣ ፍላሽ፣ ቢያንስ ለመነሣት የሚያስፈልገው ክፍል በትክክል ተጽፎበታል ማለት ነው። ያልተገናኘው ፍላሹ የተዘጋጀበት መንገድና ላፕቶፑ የሚነሣበት መንገድ ነው ብዬ እገምታለሁ።

ላፕቶፕ የሚነሣባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አሮጌው፣ በተለምዶ «ሌጋሲ» የምንለው፣ የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት አንብቦ እዚያ ያገኘውን ትእዛዝ ይፈጽማል። አዲሱ ዩኢኤፍአይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፋት 32 በተባለው የፋይል አቀማመጥ በተዘጋጀ የዲስክ ክፍል ውስጥ ገብቶ «ኢኤፍአይ» ከሚል አቃፊ የማስነሻ ፋይሉን ይፈልጋል። ሩፈስ ፍላሹን ሲያዘጋጅ የዲስክ አከፋፈሉን ጂፒቲ ወይም ኤምቢአር ብሎ ያስመርጣል፤ ጂፒቲ ተመርጦ ከሆነ ፍላሹ የሚነሣው በዩኢኤፍአይ ብቻ ነው፤ ኤምቢአር ተመርጦ ከሆነ ግን በሁለቱም መንገድ ሊነሣ ይችላል። የጓደኛዎ ላፕቶፕ አዲስ ከሆነ የሚነሣው በዩኢኤፍአይ ነው፤ የእርስዎ ደግሞ ከብዙ ዓመት በፊት በሌጋሲ ተስተካክሎ ኡቡንቱም በዚያው የተጫነበት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ያንኑ ፍላሽ አንዱ ተቀብሎት ሌላው ማለፉ የሚጠበቅ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ መገመት አያስፈልግም። አሁን ባለው ኡቡንቱዎ ውስጥ ፋይል ማሳያውን ይክፈቱና ከዋናው የኮምፒውተሩ አቃፊ «ሲስ» (sys) ወደሚለው፣ ከእርሱም «ፈርምዌር» (firmware) ወደሚለው ይግቡ። እዚያ «ኢኤፍአይ» (efi) የሚል አቃፊ ካገኙ ላፕቶፑ የተነሣው በዩኢኤፍአይ ነው፤ ካላገኙ በሌጋሲ ነው። ግማሽ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ቢሆንም፣ ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ሙሉ ቀን ሲደክም አይቻለሁ።

አቃፊው ከሌለ ጓደኛዎ ፍላሹን በሩፈስ ኤምቢአርን መርጠው እንደገና ያዘጋጁልዎት፤ ያኔ ይነሣል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ላፕቶፑን ራሱን ወደ ዩኢኤፍአይ በመቀየር ለመፍታት ግን አይቸኩሉ። በሌጋሲ የተጫነው የቀድሞ ኡቡንቱ በአዲሱ መንገድ ስለማይነሣ፣ ፋይሎችዎን ወደ ሌላ ዲስክ ሳይገለብጡ ቢቀይሩት ንብረትዎ የጠፋ መስሎዎት ይደነግጣሉ።

አቃፊው ካለ ደግሞ ነገሩ የሴቲንግ ጉዳይ ነው። ፍላሹን ሰክተው ላፕቶፑን እንዳበሩ የቡት ሜኑውን (ከየት እንደሚነሣ የሚመረጥበትን ዝርዝር) ቁልፍ ደጋግመው ይጫኑ፤ በዴልና በብዙ የሌኖቮ ላፕቶፖች ኤፍ 12፣ በኤችፒ ደግሞ ኤስኬፕ ቀጥሎም ኤፍ 9 ነው። ፍላሹ በዝርዝሩ ከታየ መርጠውት ይግቡ፤ ችግሩ የቅደም ተከተል ብቻ ነበር ማለት ነው። ካልታየ ወደ ባዮስ (ከኡቡንቱ በፊት ወደሚከፈተው የላፕቶፑ ሴቲንግ) ይግቡና «ፋስት ቡት» የሚለውን ያጥፉ፤ ይህ ምርጫ አነሣሡን ለማፍጠን ሲል ዩኤስቢን ሳይፈትሽ የሚያልፍባቸው ላፕቶፖች አሉ። «ዩኤስቢ ቡት» የሚል ምርጫ ካለም እንዳልጠፋ ይመልከቱ። ቆየት ባሉ ላፕቶፖች ላይ ሰማያዊው የዩኤስቢ ቀዳዳ ሲስተሙ ከመነሣቱ በፊት የማይሠራበት ጊዜ ስላለ በጥቁሩ ይሞክሩ። ብዙዎች መጀመሪያ «ሴኪዩር ቡትን (ፊርማ የሌለው ማስነሻ እንዳይነሣ የሚከለክለውን ምርጫ) አጥፋ» ብለው ይመክራሉ፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። የኡቡንቱ ማስነሻ በሴኪዩር ቡት ተቀባይነት ያለው ፊርማ ስላለው፣ የዚህ ዓይነት ችግር ምንጩ እርሱ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው።

እነዚህን ሁሉ አስተካክለው በማግስቱ ወደነበሩበት ከተመለሱ ደግሞ ይህን ያስታውሱልኝ። አንድ ክረምት አንዲት ተማሪ ተመሳሳይ ችግር ያለበት ላፕቶፕ አምጥታልኝ ነበር። ዋናው ባትሪ ከሞተ ስለቆየ የምትሠራው ቻርጀር ሰክታ ብቻ ነው። ዩኤስቢ ቡትን አብርቼ፣ ፍላሹ ሲነሣ አሳይቻት ሸኘኋት። በማግስቱ ተመለሰች፤ ቤቷ ስታደርሰው እንቢ ብሏል። አሁንም አስተካክዬ ላክኋት፤ አሁንም ተመለሰች። በሦስተኛው ቀን የባዮሱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያለውን ቀን አየሁት፤ እኛ በሐምሌ ውስጥ ሳለን እርሱ ጃንዋሪ 1፣ 2012 ይላል። የላፕቶፑን ጀርባ ስከፍት በጥቁር ፕላስቲክ የተጠቀለለች፣ ቀይና ጥቁር ሽቦ ያላት የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ አገኘሁ። በቴስተር ስለካት 3 ቮልት መስጠት የነበረባት ባትሪ 1.1 ብቻ አሳየችኝ። ሰዓቱንና ሴቲንጉን የምትይዘው እርሷ ናት፤ እርሷ ደክማ ዋናው ባትሪም ሞቶ ሳለ ቻርጀሩ በተነቀለ ወይም መብራት በጠፋ ቁጥር ሴቲንጉ ሁሉ ወደ ፋብሪካው ይመለስ ነበር። ባትሪዋን ከቀየርኩ በኋላ ልጅቷ ለዚህ ጉዳይ ተመልሳ አልመጣችም። ቀኑን በመጀመሪያው ቀን አይቼ ቢሆን ኖሮ በዚያ ዝናብ ሦስት ጊዜ ባላመላለስኳት ነበር፤ ስለዚህ አሁን ያገለገለ ላፕቶፕ ሲመጣልኝ ከምንም በፊት የማየው ቀኑን ነው። እርስዎም ባዮስ ውስጥ ሲገቡ ቀኑን ይዩት። የተሳሳተ ቀን በኋላም ኢንተርኔት ላይ ድረ ገጾችን አልከፍትም እያለ ያስቸግርዎታል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ፍላሹ አሁንም ካልተነሣ፣ ያለ ፍላሽም መንገድ አለ። ኡቡንቱ 20.04 በውስጡ ባለው ማሻሻያ ወደ 22.04፣ ከዚያም ወደ 24.04 በሁለት ደረጃ ሊወጣ ይችላል፤ 22.04ን መዝለል ግን አይቻልም። ሥራው ረጅም ሰዓት ስለሚወስድና መሐል ላይ ከተቋረጠ ሲስተሙን ሊያበላሽ ስለሚችል፣ ዋናው ባትሪዎ የማይይዝ ከሆነ መብራት በሚያስተማምን ሰዓት ብቻ ይጀምሩት፤ ፋይሎችዎንም አስቀድመው ይገልብጡ።

እስከዚያው የ«ኢኤፍአይ» አቃፊው መኖር አለመኖሩን፣ በባዮሱ ላይ የሚታየውን ቀንና የላፕቶፑን ሞዴል ቢጽፉልኝ፣ የትኛውን ቁልፍ መጫንና የትኛውን ምርጫ መቀየር እንዳለብዎት ለይቼ እነግርዎታለሁ።