በአፍንጫ በኩል የሚሠራ የፒቱታሪ ኦፕራሲዮን፦ «እንደ ድሮዬ ሆኜ እነቃለሁ ወይ?»

ጥያቄ፦ የ41 ዓመት ሴት ነኝ። ከሰባት ወር በፊት በኤምአርአይ ፒቱታሪ በሚባለው ዕጢ ላይ 2.4 ሳንቲሜትር ቱመር (እብጠት) ተገኘብኝ። ሆርሞን አያመርትም፣ ግን ዐይን እየተጫነ ነውና በአፍንጫ ገብተን እናወጣዋለን አሉኝ። ጭንቅላቴ ይነካል ብዬ ፈርቼ ተውኩት። ራስ ምታቱን ዴክሳሜታዞን እየገዛሁ አስታግሰዋለሁ። አሁን አሁን ስሄድ ትከሻዬ ከበር ጋር ይጋጫል። በክኒን አይጠፋም?

መልስ፦ ክኒኑን ይጠይቁኝ እንጂ ጭንቀትዎ የገባኝ ይመስለኛል። ከማደንዘዣው ስነቃ ሰው የማውቅ፣ በደንብ የማስብ ሆኜ ነው ወይ የሚል ነው። አዎ፣ ይህን ኦፕራሲዮን ያደረገ ሰው በአብዛኛው እንደዚያው ሆኖ ነው የሚነቃው። ፒቱታሪ ከአንጎል ሥር፣ ከአፍንጫ ጀርባ ያለች አተር የምታክል፣ ሆርሞን የምታመርት ዕጢ ናት። ሐኪሙ ካሜራና መብራት ያለውን ቀጭን መሣሪያ በአፍንጫ ቀዳዳ አስገብቶ፣ ከአፍንጫ ጀርባ ባለው ባዶ የአጥንት ክፍተት (ሳይነስ) በኩል አልፎ፣ ስስ አጥንት ከፍቶ ቱመሩን ቀስ በቀስ ያወጣዋል። የራስ ቅል አይከፈትም፣ ፀጉር አይላጭም። የምናስብበትና የምናስታውስበት የአንጎል ክፍል መንገዱ ላይ የለም። ደግሞ አብዛኞቹ የፒቱታሪ ቱመሮች ካንሰር አይደሉም።

ክኒን ጥሩ የሚሠራው ፕሮላክቲን የተባለውን የጡት ወተት ሆርሞን ለሚያመርተው ዓይነት ነው። የእርስዎ እሱ አይደለም።

አሁን ወደ ትከሻዎ ልመለስ፣ እኔን ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ቱመሩ ወደ ላይ ሲያድግ የሁለቱ ዐይን ነርቮች የሚገናኙበትን ቦታ ይጫናል፣ ያኔ በሁለቱም ጎን ያለው እይታ ይጠፋል። ፊት ለፊት ያለው ፊደል ግን ጥርት ብሎ ስለሚነበብ ሰው ልብ አይልም። አንዱ መነጽር ይቀይራል። ሌላው መኪና ከየት እንደመጣ ሳያውቅ ድንገት አጠገቡ ያገኘዋል። ሌላው ጎኑ የተቀመጠ ወዳጁን ሳያይ አልፎት ይሄድና ኮራብኝ ተብሎ ይታማል። ነርቩ ቶሎ ከተላቀቀ እይታው ብዙ ጊዜ ይሻሻላል፣ ለረጅም ጊዜ ከታፈነ ግን ቱመሩ ወጥቶም ላይመለስ ይችላል። ሰባት ወር አለፈ እኮ! መኪና የሚነዱ ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ። ድንገት ከባድ ራስ ምታት ከመጣ፣ ማስመለስ ወይም የዐይን መጨለም ከተከተለ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ዴክሳሜታዞኑ ደግሞ አናደደኝ። ማን አዘዘልዎት? ሰውነትዎ የራሱን ኮርቲሶል፣ ማለትም ግፊት እንዳይወርድ የሚያግዘውን ሆርሞን፣ ማምረት እንዲያቆም ያደርጋል፣ የሆርሞን ምርመራዎን ያዛባል። ግን ይህን አንብበው ዛሬውኑ በአንዴ እንዳያቋርጡት! ግፊትዎ ወርዶ ራስዎን ሊስቱ ይችላሉ። ለሐኪምዎ ምን ያህል፣ ከመቼ ጀምሮ እንደወሰዱ ይንገሩት፣ እሱ ቀስ እያደረገ ያስተካክልልዎታል።

ኦፕራሲዮኑ ምንም ጣጣ የለውም አልልዎትም። አፍንጫ ለጥቂት ሳምንት ይዘጋል፣ መናፈጥና ከባድ ዕቃ ማንሳት ይከለከላል፣ ማስነጠስ አፍ ከፍቶ ነው። ጎንበስ ሲሉ እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ከአፍንጫ ከፈሰሰ፣ ወይም ጥማትና ሽንት ከልክ ካለፈ ወዲያው ይደውሉ። ሁለቱም ይታከማሉ።

በዚህ ሳምንት የእይታ መስክ ምርመራ፣ የሆርሞን ምርመራና አዲስ ኤምአርአይ ያስፈልግዎታል። የድሮውን ፊልምና የክኒኑን ፓኬት ይዘው ይሂዱ።