ቅኔ ቤቱን ትቼ ኮሌጅ ልግባ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ በምሥራቅ ጎጃም የምኖር ዲያቆን ነኝ። ቅኔ ከጀመርሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ ሥላሴ ከተባለው የቅኔ ዓይነት ላይ ደርሻለሁ፣ የቅኔውን ዓይነቶች ሁሉ ጨርሼ ሙሉ ቤት ለመሆን ግን ገና ነኝ። ጓደኞቼ አዲስ አበባ ሄደው በመንፈሳዊ ኮሌጅ ነገረ መለኮት እየተማሩ ነው። ምእመናን የሚጠይቁትም፣ ስብከት የሚሰሙትም በአማርኛ ነው። ታዲያ ቅኔው ለአገልግሎቴ ምን ይጠቅመኛል? ትቼው ብሄድ ጥፋት ይሆንብኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ ኮሌጅ መግባት ጥፋት አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ታሪክን፣ ጽርእንና (የግሪክን ቋንቋ) ዕብራይስጥን፣ የስብከት ዘዴን በሥርዓት የሚያስተምርህ እርሱ ነው። ግባ። ያሳሰበኝ «ምን ይጠቅመኛል» ያልኸው ነው።

ቅኔ ቤት ግሱን፣ እርባ ቅምሩን (የግሱን እርባታ)፣ አገባቡን የምትማርበት የግእዝ ቤት ነው። ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ ባላት አጭር ቅኔ፣ በጉባኤ ቃና፣ ሰሙን ከወርቁ ማስማማት የለመደ ሰው፣ በኋላ ትርጓሜ መጻሕፍት ሲማር መምህሩ «አንድም» እያሉ የአንዱን ቃል ብዙ ምሥጢር ሲያወርዱለት አይደናገርም። ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። ቀን ብቻህን ስትቆጥር (ስትደርስ) የዋልኸውን ቅኔ ማታ በነገራ፣ ቅኔው ለመምህሩ በሚሰማበት ጊዜ፣ በጓደኞችህ ፊት የኔታ ያፈርሱብሃል፤ አንተም በማግሥቱ እንደገና ትቆጥራለህ። ታርሞ የማያውቅ ሰባኪ ዐውደ ምሕረት ላይ ሲወጣ እጅግ እፈራለሁ። ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ፣ በትዕቢት እንዳይወድቅ አዲስ አማኝ ለኤጲስ ቆጶስነት አይሾም ያለው ስለዚህ ነው።

ደግሞ አኮፋዳህን ይዘህ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልህ ስትለምን ውሻዋን ከልክላ ቁራሽ የሰጠችህን እናት አስብ። ነገ የምታስተምረው እርስዋን ነው። ጓዳዋ ባዶ ሆኖ ሳለ እንደሰጠችህ ታውቃለህ፤ ይህን ኮሌጅ አያስተምርህም።

ከትግራይና ከወሎ ተነሥተው የጎጃም ቅኔ ቤቶች እስካሉባቸው ዋሸራና ጎንጅ ድረስ ቅኔ ፍለጋ በእግራቸው የመጡት ስንት ናቸው! አንተ በደጅህ ያገኘኸውን ከእኩሌታው ስትተወው ያመኛል። ስለዚህ ምክሬ መወድስ የተባለውን ቅኔ አድርሰህ፣ ሙሉ ቤት ሆነህ ሂድ የሚል ነው። ሕመም ወይም ችግር አስገድዶህ ከሆነ ግን ማንም አይፈርድብህም፤ ለንስሐ አባትህ ንገራቸው።

ብዙዎች እንደሚያደርጉት በሌሊት ተነሥተህ አትጥፋ። ዛሬ ማታ ከነገራ በኋላ፣ ተማሪው ወደየጎጆው ሲበተን፣ ቆይተህ ሐሳብህን ለየኔታ ንገራቸው።