መጥረቢያውን የሚሸልመውን አንቀጽ ፈልጉ

ልጆቼ፣

ሕግ ሳረቅ ፀጉሬ ሸበተ። ከእናንተ መካከል ነገ የአገሩን የደን ሕግ እንዲያሻሽል የሚጠራ አይጠፋምና፣ እኔ የተሳሳትኩበትን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያውን የደን ሕግ ሳረቅ የተመካሁበት ሥራ ቅጣቱን ማክበዴ ነበር። ሕጉ ጸደቀ፤ ምንጣሮው ግን ባለበት ቀጠለ። ዳኞች ለአንድ ሸክም እንጨት ያን ያህል ዓመት እስራት መፍረድ ስለከበዳቸው መዝገቡ ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ ይንከባለል ጀመር። ትልልቆቹ መንጣሪዎች ደግሞ ፍርድ ቤት የሚያደርሳቸው ነገር አልነበረም፤ ፈቃድ በእጃቸው ነበር።

በኋላ አንድ አዛውንት ገበሬ ማሳ ላይ ደረስኩ። ጎንበስ ብለው ከሰብሉ መካከል ራሱ የበቀለ፣ ገና ሁለት ሦስት ቅጠል ያወጣ ችግኝ ከነሥሩ ይነቅላሉ። «አባቴ፣ ምን አደረገዎት?» አልኳቸው። ቀና አሉና «ካደገ የእኔ አይደለም፣ ልጄ» አሉኝ። «ባለፈቃዶቹ መጥተው ይቆርጡታል። ሲወድቅ ሰብሌን ይደቁሰዋል፤ ለእኔ የሚተርፈኝ ጉቶው ነው።» እውነታቸውን ነበር። በራሱ የበቀለ ዛፍ ሁሉ የመንግሥት ነው የሚል አንቀጽ ነበረን። አርቃቂው እኔ ብሆንም ሕጉን በደንብ ያነበቡት እሳቸው ነበሩ።

ኒጀርም ከቅኝ ግዛት ዘመን የወረሰችው ሕግ እንዲሁ ነበር። ቁጥጥሩ ላልቶ ገበሬዎች በማሳቸው ላይ ያለውን ዛፍ እንደራሳቸው መቁጠር ሲጀምሩ፣ ከጉቶና ከሥር የሚያቆጠቁጠውን እየተንከባከቡ ወደ 5 ሚሊዮን ሄክታር በሚጠጋ መሬት ላይ ዛፍ መለሱ።

ስለዚህ ሥራችሁን በደን ሕጉ አትጀምሩ። መጀመሪያ የመሬት ሕጉን፣ ቀጥሎ የግብርና ብድርና የግብር ደንቦችን አውጥታችሁ አንብቡ። በብዙ አገሮች ቆሞ ያለ ደን በመሬት ሕግ ዓይን ጦም ያደረ መሬት ነው፤ መንጥሮ ያረሰው ሰው «አልምቷል» ተብሎ ይዞታው ይረጋገጥለታል። አንዱ ሕግ «አትቁረጥ» ሲል ሌላው «ቆርጠህ ና፣ ማስረጃ እሰጥሃለሁ» ካለ፣ ሰው የትኛውን እንደሚሰማ መቼም አይጠፋችሁም።

ብራዚልን ደጋግሜ የማጠናው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ከአማዞን ደን ወደ 27,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ተመነጠረ፤ በ2012 ቁጥሩ ወደ 4,600 ገደማ ወርዶ ነበር። በደን ክልሉ ያለ ባለ መሬት ከይዞታው 80 በመቶውን በደንነት እንዲያቆይ የሚያዘው ድንጋጌ ከዚያ በፊትም ነበረ። የተለወጠው ሌላ ነው፦ ምንጣሮን በሳተላይት ወዲያው ማየት ተቻለ፣ አዳዲስ ጥብቅ ክልሎች ተከለሉ፣ ከ2008 ጀምሮ ደግሞ በአማዞን የእርሻ ብድር የፈለገ ሰው የአካባቢ ሕግን ማክበሩን ለባንኩ ማሳየት ግድ ሆነበት። ከዓመታት በኋላ ቁጥጥሩ ሲላላ፣ የ80 በመቶው ግዴታ በወረቀት ላይ እንዳለ፣ በ2021 ምንጣሮው ከ13,000 ካሬ ኪሎ ሜትር አለፈ።

ስለ ወረቀት ካነሳሁ አይቀር፣ «ዝርዝሩ በመመሪያ ይወሰናል» የምትለውን ሐረግ እጠላታለሁ። እኔም ደክሞኝ ስንት ጊዜ ጽፌአታለሁ! መመሪያው ሳይወጣ ደኑ ያልቃል። የኢንዶኔዥያ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ነባር ማኅበረሰቦች በልማዳቸው የያዙት ደን የመንግሥት ደን አይደለም ብሎ ወሰነ። የመጀመሪያዎቹ ማኅበረሰቦች የእውቅና ወረቀታቸውን የተቀበሉት ግን በ2016 መጨረሻ ነው፤ ያውም ዘጠኝ ብቻ። የመፈጸሚያ ቀን፣ ፈጻሚ መሥሪያ ቤትና በጀት ያልተጻፈበት መብት እንዲህ ይጓተታል።

አሁን ደግሞ ካርቦኑ መጣ። ሬድ ፕላስ የሚባለው፣ ደንን በመጠበቅ የካርቦን ልቀትን ለሚቀንሱ አገሮች የሚከፍል አሠራር ፓፑዋ ኒው ጊኒና ኮስታ ሪካ እ.ኤ.አ. በ2005 ባቀረቡት ሐሳብ ተጀምሮ፣ በ2013 በዋርሶው የአየር ንብረት ጉባኤ ደንቦቹ ተሟሉ። አገር ከደን ምንጣሮ የሚወጣውን የካርቦን ልቀቷን መቀነሷን ለክታ ካሳየች ክፍያ ልታገኝ ትችላለች። በ2010 የካንኩን ስምምነት የአካባቢው ሕዝብ መብት እንዲከበርና በሙሉ እንዲሳተፍ ተጽፏል። ከዚያ በታች ያለውን፣ ማለትም ገንዘቡ የማን እንደሆነ የሚወስነውን፣ የምትጽፉት እናንተ ናችሁ። ኮስታ ሪካ በ1996 የደን ሕጓ ደንን ወደ ሌላ አገልግሎት መለወጥ ስትከለክል፣ በዚያው ሕግ ደኑን ለሚጠብቀው ባለ መሬት ክፍያ ደነገገች፤ የገንዘቡንም ምንጭ ከነዳጅ ግብር አበጀች። ክልከላውና ክፍያው አብረው መጡ።

ረቂቅ ሲቀርብላችሁ የምትጠይቁት፦ ተከፋዩ ማን ነው? ድርሻው ስንት ነው? ገንዘቡ ከገባ በስንት ወር ይደርሰዋል? የተከለከለ ሰው የት ይከሳል? መልስ ካላገኛችሁ መልሱት። ባለፈው ሰሞን «በደን ውስጥ የተከማቸ ካርቦን የመንግሥት ሀብት ነው» የሚል ባለ አንድ መስመር አንቀጽ አስተያየት እንድሰጥበት መጥቶልኝ ነበር። በኅዳጉ ላይ በእርሳስ «ካደገ የማን ነው?» ብዬ ጽፌ መለስኩት።